ባቡር እየዘፈነች የካውቦይ ባርኔጣ የደፋች ከተማ

በናይሮቢ የካንትሪ ሙዚቃ ምሽቶች ከጊታሩ ድምፅ ቀድሞ የሚደርሰው ባርኔጣው ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው፣ ግራና ቀኙ ወደ ላይ የታጠፈ የካውቦይ ባርኔጣ በመድረኩም ላይ፣ በጠረጴዛዎቹም ዙሪያ ይታያል። ከባርኔጣው በታች ባለ ዳማ ሸሚዝ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ትልቅ ዘለበት ያለው ቀበቶና ሹል አፍንጫ ቡትስ ይከተላሉ። የኬንያ ካንትሪ ዋና ተጠሪ ተደርጎ የሚቆጠረው፣ ሰር ኤልቪስ በሚል የመድረክ ስሙ የታወቀው ኤልቪስ ኦቲየኖም ከዚህ አለባበስ ተለይቶ አይታወቅም። በቅርብ ዓመታት በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በተዘጋጁ የካውቦይ በዓላት ላይ ደግሞ ታዳሚው ራሱ የመድረክ ሰው መስሎ፣ ቡትስ ተጫምቶና ባርኔጣ ደፍቶ፣ በረድፍ ተሰልፎ ሲጨፍር ታይቷል።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ተብሏል። አፍሪካዊ የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ስለ ምን ይወዳል የሚለው ጥያቄ የውጭ ጋዜጠኞች ናይሮቢ በደረሱ ቁጥር የሚያነሡት ነው። ስለ ልብሱ ግን የተባለ ነገር እምብዛም የለም፤ እንደ ጌጥ ወይም እንደ ቀልድ ይታለፋል። ሆኖም ካንትሪ በተወለደበት አገር ልብሱ ከዘፈኑ ባላነሰ የተደከመበት፣ የራሱ ጌቶችና የራሱ ታሪክ ያለው ጥበብ ነው። ናይሮቢ ከዚህ ጥበብ ምን ወሰደች? ምንስ ተወች? ነገሩ በቅርብ ሲታይ የተወችው ከወሰደችው ይበልጣል።

የጥበቡ ጌቶች ካውቦዮች አልነበሩም። ከሁሉ የገነነው ኑዲ ኮን በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪየቭ ውስጥ ኑታ ኮትሊያሬንኮ ተብሎ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ11 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ኒውዮርክ ውስጥ ለመድረክ ዳንሰኞች እዚህ ግባ የማይባል ስፋት ያላቸው ልብሶች ሲሰፋ ቆይቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። የስፌት መኪና ያገኘው ቴክስ ዊሊያምስ የተባለው ዘፋኝ ፈረስ ሸጦ በገዛለት ጊዜ ነው ይባላል፤ ውለታውን የመለሰውም ለዘፋኙ ልብስ በመስፋት ነበር። ከዚያም በሰሜን ሆሊውድ ሱቁን ከፈተ። ከእሱ ቀድመው ናታን ተርክ በካሊፎርኒያ፣ ሮዲዮ ቤን በፊላደልፊያ ስም አትርፈው ነበር፤ ሁለቱም ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከኑዲ ቤት ወጥቶ ራሱን የቻለው ማኑኤል ኩዌቫስ ደግሞ ሜክሲኳዊ ነው። እንግዲህ አሜሪካ ከሁሉ ይልቅ የእኔ የምትለው ልብስ የተሰፋው የምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎችን ጥልፍና የሜክሲኮ ፈረሰኞችን ማጌጫ እያዩ ባደጉ እጆች ነው። ይህ ለስደተኛ አንባቢ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ በብልጭልጭነቱ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው። አልማዝ መሳዩን የመስታወት ፈርጥ ማንም ገዝቶ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ፈርጡ የራሱ ጥቅም አለው፤ የመድረኩን መብራት እየሰበረ ወደ አዳራሹ ስለሚበትነው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ዘፋኙ ሲንቀሳቀስ ያያል። የኑዲ ቤት ልዩ ሙያ ግን ከዚያ አልፎ ለባሹን ማንበብ ነው። ፖርተር ዋጎነር መጣ፤ የአባቱ ስም ሠረገላ ነጂ ማለት ነውና በኮቱ ላይ የሠረገላ መንኰራኵር ተጠለፈለት። ዌብ ፒርስ መጣ፤ ስሙ ድር ማለት ነውና የሸረሪት ድር ለበሰ። ለሀንክ ዊሊያምስ በነጭ ልብሱ ላይ የሙዚቃ ኖታ ተበተነለት። ሰፊው የደንበኛውን ወገብና ትከሻ ብቻ አይለካም፤ ስሙንም ይለካል ማለት ነው።

ይህ የተርጓሚ ሥራ ነው። ባዕድ ስም ያጋጠመው ተርጓሚ ሁለት መንገድ አለው፦ ድምፁን እንዳለ በራሱ ፊደል መገልበጥ፣ አለዚያም ትርጉሙን ፈልቅቆ በራሱ ቋንቋ እንደ አዲስ መውለድ። የመጀመሪያው ታማኝ ይመስላል፤ ግን አንባቢው ከቃሉ ጋር የሚተዋወቀው በጆሮው ብቻ ነው። ሁለተኛው አደጋ አለበት፤ ሲሳካ ግን ቃሉ ዘመድ ይሆናል። ኑዲና ማኑኤል ሁለተኛውን መንገድ በክርና በመርፌ የሄዱ ሰዎች ናቸው።

መንገዱ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳየው የግራም ፓርሰንስ ነጭ ልብስ ነው። ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ የተባለው ቡድን በ1969 ባወጣው «ዘ ጊልድድ ፓላስ ኦቭ ሲን» አልበም ሽፋን ላይ የሚታየውን ይህን ልብስ የሠራው በኑዲ ቤት ይሠራ የነበረው ማኑኤል ነው። ልብሱ ላይ ከከብትም ከሠረገላም አንድ አልተጠለፈም። የተጠለፈው የኦፒየም አበባ፣ የመድኃኒት ክኒን፣ የካናቢስ ቅጠል፣ እርቃን ሴት ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ትልቅ መስቀል። ባለጸጋ ቤት ያደገ፣ ሃይማኖትንና ሱስን በአንድ አካል የተሸከመ የ22 ዓመት ወጣት ራሱን ለብሶ ቆመ። በ1973 በሞርፊንና በአልኮል መዘዝ በ26 ዓመቱ ሲሞት ልብሱ እንደ ትንቢት ተነበበ። ለማነጻጸር ያው የኑዲ ቤት በ1957 ለኤልቪስ ፕሪስሊ የሰፋውን ወርቀ ዘቦ የመሰለ ልብስ ማየት ይበቃል። 10,000 ዶላር ወጣበት ተብሎ ተነገረ፤ ዝናውም ዋጋው ነበር። ኤልቪስ ራሱ አልወደደውም፤ ሱሪውን ከጥቂት መድረክ በኋላ ተወው። ልብሱ ስለ ሰውየው የሚለው አንዳች ነገር የለምና አያስደንቅም። የወኪሉን የቶም ፓርከርን ሐሳብ እንጂ የዘፋኙን ሐሳብ አልለበሰም።

ወደ ናይሮቢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር ግራ ያጋባል። በኬንያ ከሚወደዱት የካንትሪ ዘፋኞች ግንባር ቀደሙ ጂም ሪቭስ ነው። በ1964 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ይህ ሰው ድምፁ በየቤቱ ይሰማል፤ የገና ሰሞን ደግሞ የእሱ የገና መዝሙሮች ካልተሰሙ በዓሉ የደረሰ የማይመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጂም ሪቭስ የካውቦይ ልብስን አውልቆ የጣለ ሰው ነው! በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወጉ በሚጠይቀው የገጠር ልብስ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ከ1957ቱ «ፎር ዎልስ» በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ፣ ማይክሮፎኑን ቀረብ አድርጎ በለሰለሰ ስልት መዝፈን ሲጀምር ልብሱም አብሮ ተለወጠ። ሱፍ ልብስ በክራቫት፣ አንዳንዴም የእራት ግብዣ ኮት ለበሰ፤ «ጀንትልማን ጂም» ተባለ። በ1962 እና በ1963 ደቡብ አፍሪካን ሲጎበኝ የታየውም ይኸው ጨዋ ሰው ነው። የናይሮቢ ካንትሪ እንግዲህ የሪቭስን ዘፈን ወስዶ የሪቭስን ልብስ ትቷል፤ እሱ ያወለቀውን ባርኔጣ አንሥቶ መልሶ ደፍቷል።

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ተቀባይ የሚመቸውን ይመርጣል፤ የተሰጠውን ሁሉ የሚወስድ ተቀባይ ባሪያ እንጂ አድናቂ አይባልም። ችግሩ የተመረጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ላይ ነው። ባርኔጣው የማንም ነው። ለባሹን ከሌላው ባርኔጣ ለባሽ የሚለይበት አንድ ክር የለውም። የሚለው ነገር «ይህ ካንትሪ ነው» ብቻ ነው፤ ልክ በሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀል ማስታወቂያ። ድምፁን እንዳለ መገልበጥ ማለት ይህ ነው። («ካውቦይ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ እንዳለ የተቀዳ ነው። ቢተረጎም ከብት ጠባቂ፣ አጠር ሲል እረኛ ይሆናልና ባርኔጣው ገበያ ባላገኘ ነበር። ማሳዮች፣ ሳምቡሩዎች፣ ፖኮቶች፣ ካሌንጂኖችና ቦረናዎች ከብት በሚጠብቁበት አገር እረኛን ለመምሰል ቴክሳስ ድረስ መሄድ ምን ያህል ረጅም መንገድ እንደሆነ ማንም ልብ ያለው አይመስልም።)

ኬንያ ግን ሌላውንም መንገድ ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ከማንም ቀድማ ሄዳበታለች። በ1950 ሂዩ ትሬሲ የተባለው የአፍሪካ ሙዚቃ ቀራጭ በኬሪቾ አካባቢ ካፕካቴት በተባለ ስፍራ የኪፕሲጊስ ዘፈኖችን በድምፅ መቅረጫ ሲይዝ፣ ወጣት ሴቶች በክራር መሰል መሣሪያ ታጅበው «ቼሚሮቻ» የሚል ስም እየጠሩ ዘፈኑለት። ቼሚሮቻ ሌላ ማንም አልነበረም፤ በ1933 የሞተው የመጀመሪያው የካንትሪ ኮከብ ጂሚ ሮጀርስ ነው። ሸክላው እነርሱ ዘንድ ደርሶ፣ ስሙ በኪፕሲጊስ አፍ ተሟሽቶ፣ ሰውየው ከወገቡ በታች የሚዳቋ እግር ያለው ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ ሆኖ ነበር። ትሬሲ በማስታወሻው እንዳሰፈረው ልጃገረዶቹ ይህን ፍጡር የአገሩን የዝላይ ጭፈራ እንዲጨፍር ይገፋፉታል፤ ከልብሱ ፈትልኮ እስኪወጣ ድረስ እንዲዘል። በ2010ሮቹ አጋማሽ የቅጂው ባለቤት የሆነው የደቡብ አፍሪካ ቤተ መዛግብት ናይሮቢ ከሚገኘው ኬተቡል ሙዚቃ ጋር ተባብሮ ድምፁን ወደ ካፕካቴት መልሷል።

ከልብሱ ፈትልኮ መውጣት! ስለ ካንትሪ አለባበስ በምሥራቅ አፍሪካ ከተባለው ሁሉ ይህን የሚወዳደር አልተገኘም። የካፕካቴት ልጃገረዶች ሮጀርስ ምን ለብሶ እንደነበር አላዩም፤ ስለዚህም ሊቀዱት አልቻሉም፤ ባይችሉም የሚሻለውን አደረጉ። የራሳቸውን ጭፈራ አስጨፈሩት፤ በጭፈራው ውስጥም የመጣበት ልብስ ከላዩ ረገፈ። ከሰባ ዓመት በላይ በኋላ የናይሮቢ መድረክ ያንኑ ልብስ ከወለሉ ላይ ለቅሞ እየለበሰ ነው።

በዚያ ላይ ሮጀርስ ካውቦይ አልነበረም። ካውቦይ መስሎ ፎቶግራፍ የተነሣበት ጊዜ ቢኖርም ዝናውን ያገኘበት ቅጽል «ዘፋኙ ፍሬን ያዥ» የሚል ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ነበርና የሠራተኛ ኮፍያና ቱታ ለብሶም ይታይ ነበር። ናይሮቢስ ምንድን ናት? የባቡር ልጅ ናት። በ1899 ሐዲዱ ከሞምባሳ ተነሥቶ ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ ለዕቃ ማከማቻ ተብሎ የተተከለ ሰፈር ነው ከተማ የሆነው። ከዚህም አልፎ ከተማዋ ከማንኛውም ይልቅ የራሷ ያደረገችው የምሽት ጭፈራ «ሙጊቲ» ነው፤ በኪኩዩ ቋንቋ ባቡር ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊታር ይዘፍናል፤ ጨፋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዘው እንደ ፉርጎ ተቀጣጥለው በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራሉ። ከሙጊቲ ጊታሪስቶችም ብዙዎቹ ምን እንደሚደፉ መገመት አያስቸግርም፤ የካውቦይ ባርኔጣ ነው። የባቡር ሠራተኛ የጀመረው ሙዚቃ፣ ባቡር በወለዳት ከተማ፣ ባቡር በሚባል ጭፈራ ይጨፈራል፤ ከላዩ ላይ ግን ፈረስ እንጂ ባቡር አይታይም። ኑዲ ይህን ዕድል ቢያገኝ በሁለቱ የኮት ክንፎች ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ሐዲድ በዘረጋ ነበር።

የሰር ኤልቪስም ስም ራሱ ያልተነካ ሀብት ነው። ኤልቪስ የሚለው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ኦቲየኖ ግን በሉኦ ቋንቋ በሌሊት የተወለደ ማለት ነው። ስሙን የሚለካ ሰፊ ቢያገኝ ጨለማ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ጨረቃና ከዋክብት በፈርጥ ይበተኑለት፣ ከጀርባው ላይም የሉኦዎች ባለ ስምንት አውታር ንያቲቲ ይጠለፍለት ነበር። የኑዲ ሠረገላና የሸረሪት ድር ከዚህ የረቀቀ ሐሳብ አልነበራቸውም። ዘፋኙ በሙዚቃው የሚደክም፣ ካንትሪ በኬንያ የሌሎች አገር ቀልድ ሆኖ እንዳይቀር ብዙ የለፋ ሰው በመሆኑ ትችቱ እሱን ለማሳነስ አይደለም። ድምፁ የደረሰበት ቦታ ላይ ልብሱ አልደረሰም ለማለት ነው።

«ሰፊው የት አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ናይሮቢ የሰፊ ድሃ አይደለችም። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከሕንድ ከመጡት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከ6 ሺህ የሚበልጡት እዚሁ ቀርተዋል፤ ከእነርሱ ጎን በመጡት ነጋዴዎች የተመሠረተው የሕንዶች ገበያ ዛሬ ቢያሻራ ስትሪት በሚባለው መንገድ በጨርቅና በስፌት ሱቆቹ ይታወቃል። በስዋሂሊ ሰፊው «ፉንዲ» ነው፤ ቃሉ አናጢውንም፣ ግንበኛውንም፣ መካኒኩንም ይጠራል፤ እጁ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። የከተማዋ ሰው ልብስን አቅልሎ የሚያይም አይደለም። በኅዳር 2023 የኬንያ ፓርላማ አፈ ጉባኤ የካውንዳ ሱት የሚባለውን ኮት ከምክር ቤቱ ሲያግዱ አገሩ ለሳምንታት ስለ ኮሌታና ስለ ኪስ ተከራክሯል፤ ልብሱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ያዘወተሩት መሆኑ ክርክሩን ይበልጥ አጣፈጠው። አንድ የተሰፋ ኮት ይህን ያህል ሊያናግር በሚችልበት ከተማ የመድረክ ልብስ ዝም ማለቱ ሌላ ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ሚቱምባ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰልባጅ ወይም ልባሽ ጨርቅ የሚባለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ሲከፈት በጥቅል በጥቅል የገባው የአውሮፓና የአሜሪካ አሮጌ ልብስ የኬንያን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንኮታኮተ። የኪሱሙው ኪኮሚ፣ የኤልዶሬቱ ሪቫቴክስ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ተዘጉ፤ ሪቫቴክስ በሞይ ዩኒቨርሲቲ እጅ ታድሶ ዳግም የተመረቀው በ2019 ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች በ2016 ሚቱምባን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማሙ፤ አሜሪካ የንግድ ዕድሉን እንደምትነሣ ስታስጠነቅቅ ኬንያ በዓመቱ ከስምምነቱ ወጣች። የናይሮቢው ጊኮምባ የዚህ ንግድ ታላቅ ገበያ ነው። ባለ ዳማው ሸሚዝ፣ ጂንሱ፣ ባለ ዘርፉ የቆዳ ጃኬት እዚያ ጥቅል ውስጥ ይገኛሉ፤ ካንትሪ ለመልበስ ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ይህ ዘፋኙ የማይወቀስበት ነገር ነው፤ በአንድ ምሽት ክፍያ የሚኖር ሰው የሙሉ ልብስ ጥልፍ ማዘዝ ይከብደዋል።

የጊኮምባ ሰፊዎች ሥራ ግን በጥሞና ሊታይ ይገባል። በገበያው መተላለፊያዎች ላይ መኪናቸውን ደርድረው ትልቁን ያጠባሉ፣ ረጅሙን ያሳጥራሉ፣ የተበላውን ኮሌታ ገልብጠው ይሰፋሉ፣ ከሁለት ጃኬት አንድ ያወጣሉ። ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ አካል የሰፋውን ልብስ ፈትቶ ለኬንያዊ አካል እንደገና መስፋት ቀላል ሙያ አይደለም፤ ከባዶ ጨርቅ መጀመር አንዳንዴ ይቀላል። ይህን የሚያውቅ እጅ ለመድረክ ልብስ የሚጎድለው ነገር የለም። የጥልፍ መኪናም ቢሆን ሞልቷል፤ በየሰፈሩ ለተማሪ ሹራብ አርማ የሚጠልፈው መኪና ጨረቃና ሐዲድ ለመጥለፍ እምቢ አይልም። የጎደለው ያዛዥ ዓይን ነው። ዘፋኙ ወደ ሰፊው የሚሄደው «አጥብብልኝ» ለማለት ነው፤ «ስሜ እንዲህ ማለት ነው፣ ምን ትለብሰኛለህ?» ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም። ዋጋውም ቢሆን ሁልጊዜ እንቅፋት አልነበረም። ኑዲ ለፖርተር ዋጎነር የመጀመሪያውን ባለ ፈርጥ ልብስ በነፃ እንደሰፋለት ይነገራል፤ ዋጎነር መድረክ ላይ በቆመ ቁጥር ለሰፊው ሱቅ ማስታወቂያ ነበርና። በዚህ ስሌት የተገናኙ ሰፊና ዘፋኝ በናይሮቢ ሊኖሩ የማይችሉበት ምክንያት የለም።

ብልጭልጩ ለአፍሪካ ባዕድ ነው የሚለው ክርክርም አይቆምም። የአሜሪካ ዘፋኞች ኮት ላይ የሚያበራው ፈርጥና የማሳይ ሴቶች በአንገትጌያቸው ላይ የሚደረድሩት ጨሌ የአንድ አገር ዘመዶች ናቸው። የቦሄሚያ የመስታወት ሠራተኞች ጨሌውን ለምሥራቅ አፍሪካ ሲልኩ ኖረዋል፤ የፈርጡን ኢንዱስትሪ በ1895 በኦስትሪያ የመሠረተው ዳንኤል ስዋሮቭስኪም የዚያው የቦሄሚያ ልጅ ነው። ማሳዮች ያን የፈረንጅ መስታወት ተቀብለው የዕድሜ፣ የጋብቻና የማዕረግ ቋንቋ አድርገውታል። የመስታወቱን መነሻ የሚጠይቃቸው የለም፤ ትርጉሙ የራሳቸው ሆኗልና። ኢትዮጵያዊ አንባቢም በሙካሽ የተጠለፈውን ካባ ያውቃል፤ መኳንንቱ ለግብር፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽሮች ለሠርግ የሚደርቡት፣ ከሩቅ የሚያበራ፣ ለባሹ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚናገር ልብስ ነው። የኑዲ ደንበኞች ቢያዩት ይቀኑበት ነበር።

በአዲስ አበባም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የአሜሪካን ፊልም ያበደለት፣ ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ ያበጠረ፣ እንደ አሜሪካዊ ለብሶ በእንግሊዝኛ የዘፈነ ሰው ነበር። ራሱ እንደተናገረው ዝናው የተተኮሰው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስ ሥራውን የጀመረውም በእሱ ሸክላ ነበር። ጸጉሩን አልተላጨም፣ ኮሌታውንም አላጠፈም፤ ግን ከልብሱ ውስጥ የወጣው ድምፅ ሲለወጥ ልብሱም የሌላ ሰው ልብስ መምሰሉን አቆመ። የናይሮቢ ካንትሪ ይህን እኩሌታ ገና አላጠናቀቀም። ብዙው ዘፈን የሌላ፣ ልብሱም የሌላ ሲሆን ለሰሚው የሚቀረው የራስ ነገር የዘፋኙ ጉሮሮ ብቻ ነው፤ ጉሮሮው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጂም ሪቭስን ጉሮሮ ለመምሰል ይደክማል።

ኑዲ በሰፋው ልብስ ሁሉ ገበር ውስጥ የራሱን ምልክት ይሰፋ ነበር፤ ስሙና የአንዲት እርቃኗን የሆነች ካውቦይ ሴት ምስል ነበረበት። በኋላ ዘመን ለሴትዮዋ ልብስ አለበሳት። ምልክቱን ያየ ሰው ኮቱ ማን እጅ እንደወጣ፣ በየትኛው ዘመን እንደተሰፋ ያውቃል፤ ዛሬ በሙዚየምና በጨረታ ቤት ልብሶቹ የሚለዩት አንድም በዚህ ነው። በጊኮምባ ሰፊው አጥብቦ፣ አሳጥሮ፣ ኮሌታውን ገልብጦ፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ኮቱን ለባለቤቱ ሲያስረክብ ገበሩ ላይ የሚነበበው ምልክት ልብሱን መጀመሪያ ባሕር ማዶ የሰፋው ፋብሪካ ስም ነው።